አሮጊቷን ላም አይሽጡ፤ ገንዳውን ያስረዝሙ

ጥያቄ፦ «ሰንዳፋ አካባቢ ስምንት የሆልስታይን ዲቃላ ላሞች አሉኝ። በረት ውስጥ ሳይታሰሩ ነው የሚውሉት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሦስት እርጉዝ ጊደሮች ከአንድ ቤት ገዝቼ ቀላቀልኳቸው። ቦራ የምንላት፣ ስድስት ጊዜ የወለደች ላም ከገንዳው እየገፈተረች አላስበላ ብላቸዋለች። ገንዳው አራት ሜትር ነው። ባለፈው ሳምንት የወለደችው ጊደር ወተቷን በደንብ አታወርድም፤ የነባሮቹም ቀንሷል። ጎረቤቶቼ ‹ክፉ ላም ናት፣ ለሥጋ ሽጪያት› ይሉኛል። ልሽጣት ወይ? ለመሆኑ ላሞች ይጣላሉ እንጂ ይዋደዳሉ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ቦራን አይሽጡ። ሌላውን ሁሉ በዝርዝር እመለስበታለሁ፤ ይህን ግን ደላላው በር ከማንኳኳቱ በፊት እንዲደርስዎ ስለፈለግኩ አስቀደምኩት።

በእርግጠኝነት የምናገረው ምክንያት ስላለኝ ነው። የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ቢሾፍቱ አጠገብ ካለ አንድ በረት እንደ እርስዎ ያለ አቤቱታ ቀርቦልኝ «ላሟን ሽጧት» ብዬ መክሬ ነበር። ተሸጠች። ዐሥር ቀን ሳይሞላ፣ እስከዚያ ድረስ መኖሯም የማይታወቅ ሁለተኛዋ ላም ቦታዋን ይዛ ያንኑ ታደርግ ጀመር። ባለቤቶቹ ደህና የምትታለብ ጥገት አጡ፤ ለጊደሮቹ ግን አንድ ጉርሻ ድርቆሽ እንኳ አልተጨመረላቸውም። በረቱ ያው፣ ገንዳውም ያው ነበር። ያ ምክሬ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ለእርስዎ እንዲህ ዘርዝሬ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

ቦራ ክፉ አይደለችም። ከብት በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው፤ በመንጋ የሚኖር ደግሞ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ ሳያውቅ አብሮ ውሎ ማደር አይችልም። ይህን ዓይነቱን ተዋረድ በጥናት መልክ ቀድሞ የመዘገበው ኖርዌያዊው ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ ኤበ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ የትኛዋ ዶሮ የትኛዋን እንደምትነቁር እየተከታተለ። በላሞች መካከል ደረጃ የሚወሰነው በዕድሜ፣ በክብደት፣ በቀንድ እና በመንጋው ውስጥ በቆዩበት ዘመን ነው። ሁልጊዜም እንደ መሰላል ቀጥ ያለ አይደለም፤ አንዷ ሁለተኛዋን ታስለቅቃለች፣ ሁለተኛዋ ሦስተኛዋን፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ዞራ የመጀመሪያዋን። እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

የዚህ ተዋረድ ጥቅሙ ጠብን ማስቀረቱ ነው። አንዴ ከተደላደለ በኋላ መዋጋት ብርቅ ይሆናል። የበላይዋ አንገቷን ጎንበስ፣ አገጯን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አድርጋ ግንባሯን ስታሳይ የበታችዋ ፊቷን አዙራ ዞር ትላለች፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ብዙ ጊዜ እኛ እንኳ ሳናየው ያልፋል። በስዊዘርላንድ ቫሌ በሚባለው አገር ኤራንስ የተባሉ ጡንቸኛ ላሞች አሉ። በበጋ መግቢያ ወደ ተራራው ግጦሽ ሲወጡ የተለያዩ ባለቤቶች ከብት ይቀላቀላልና ላሞቹ ግንባር ለግንባር ገጥመው ይገፋፋሉ፤ የበላይነቱን የያዘችው «ንግሥት» ትባላለች። ሕዝቡም ይህን የተፈጥሮ ጠባይ ወደ ውድድር ለውጦ በየዓመቱ ያከብረዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የግጥሚያው አጨራረስ ነው። አንዷ ደክሟት ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች፣ በቃ። ለምን ይበቃል ቢሉ፣ የተሸነፈችው መሄጃ አላት።

የእርስዎ ጊደሮች መሄጃ የላቸውም።

እስቲ ነገ ጠዋት መኖ ሲቀርብ ጥግ ይዘው ይመልከቱ። ቦራ መካከል ላይ ትቆማለች፤ ነባሮቹ ግራና ቀኟን ይይዛሉ። ጊደሯ ከኋላ ትመጣለች። ቀጥ ብላ አትገባም፤ በሁለት ላሞች መካከል አፍንጫዋን ብቻ አስገብታ ታሸታለች፣ አንድ ጆሮዋ ወደ መኖው፣ አንዱ ወደ ቦራ ነው። አንድ ጉርሻ ታነሣለች። እዚያው አታኝከውም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽታ ነው የምታኝከው፣ ግማሹም መሬት ላይ ይፈስሳል። እንደገና ትጠጋለች። ይህን ጊዜ ቦራ ግንባሯን ታሳያታለች፤ ጊደሯም ለመሸሽ ትዞራለች፣ ግን ከኋላዋ ግድግዳ፣ በጎኗ ሌላ ላም አለ። ቦራ ምልክቱን ሰጥታለች፤ ምልክቱ አልተከበረላትም። ያን ጊዜ ነው ግፍተራው የሚመጣው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ክፋት ይመስላል። ቀርቦ ለሚያይ ግን ጊደሯ መንገድ መልቀቅ ፈልጋ መንገድ ያጣችበት ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። አራት ሜትር ገንዳ ለ11 ከብት ሲካፈል ለእያንዳንዷ 36 ሳንቲ ሜትር ይደርሳታል። ያደገች ዲቃላ ላም ትከሻዋ ብቻ ከዚያ ይሰፋል። በተለምዶ ለአንድ የወተት ላም ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይመከራል፤ ለመውለድ ለተቃረበች ደግሞ ከ75 በላይ። ስምንት ሆነው በነበሩበት ጊዜም 50 ብቻ ነበር የሚደርሳቸው፤ ይህም ማለት እርስ በርስ ተዋውቀው፣ ተራ ይዘው ጥበቱን ችለውት ነበር ማለት ነው። ሦስቱ ሲጨመሩ ያ ትዕግሥት አበቃ። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ለአንዲት ላም የሚደርሰውን የገንዳ ስፋት ከግማሽ ሜትር ወደ አንድ ሜትር ሲያሳድጉት በመብላት ላይ የሚደረገው ጥቃት በ57 በመቶ ቀንሷል። ላሞቹ አልተለወጡም፣ ጠባያቸውም አልተገራም፤ የሰፋው ገንዳው ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ ራስዎ በጥያቄዎ ውስጥ ጽፈውታል። አዲስ ከብት ሲገባ መጋፋቱ የሚበረታው በመጀመሪያው ቀንና በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት ነው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሌላ ጥናት፣ ወደማታውቀው መንጋ የገባች ላም በመጀመሪያው ቀን ከገንዳ የምትገፋበት ጊዜ ከሁለት እጥፍ በላይ ጨምሮ፣ ወተቷም በዚያው ቀን ወደ አራት ኪሎ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየረገበ ይሄዳል። የእርስዎ በረት ሦስት ሳምንት ሞልቶት ያው ግፍተራ ከቀጠለ፣ አሁን የሚታየው የመተዋወቅ ጠብ አይደለም። መተዋወቅስ ተዋውቀዋል። የሚታየው የቦታ ጠብ ነው።

ጉዳቱ በመገፍተር ብቻ አያበቃም። ፉሩሽካውና ፋጉሎው ከላይ ተበትኖ ከሆነ የበላዮቹ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለቅመው ይጨርሱታል፤ ለጊደሯ የሚደርሳት የተመረጠበት ጭድ ነው። ስለዚህ እርስዎ ለሁሉም እኩል አቀረብኩ ቢሉም በበረቱ ውስጥ ያለው ሁለት ዓይነት ቀለብ ነው። ተራዋ ሲደርስ ደግሞ ተጣድፋ ትበላለች፣ መጣደፉም ጨጓራዋን ያውካል። ላም በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት ትፈልጋለች። የበታች ከብት ግን ደህናውን መኝታ ለሌሎች እየለቀቀች ሲሚንቶ ላይ ቆማ ስለምትውል ከወራት በኋላ ሰኮናዋ ይጎዳል። በመጀመሪያ ወሊዷ የምታነክስ ጊደር ባየሁ ቁጥር ሰኮናዋን ሳላነሣ በፊት ገንዳውንና መኝታውን አያለሁ።

ስለ ወተቱ። ወተት ከጡት የሚወርደው ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ከአንጎል ሲለቀቅ ነው፤ ፍርሃትና እንግድነት ይህን ሆርሞን ይገቱታል። ጊደሯ አዲስ በረት፣ አዲስ አላቢ፣ የመጀመሪያ ወሊድ፣ በዚያ ላይ ቦራ ከኋላዋ። እኛ አገር ይህን የማያውቅ አላቢ የለም። የቦረናም ሆነ የፎገራ ላም ጥጃዋን ሳታይና ሳታሸት ወተቷን አትሰጥም፤ አላቢው መጀመሪያ ጥጃውን አስጠብቶ፣ ከዚያ አጠገቧ አስሮ ነው የሚያልበው። ዲቃላዎቹም ከእናቶቻቸው ወገን ይህን ጠባይ ይወርሳሉ። እምቦሳውን ለጥቂት ደቂቃ ያስጠቡላት፣ ስትታለብም ከፊቷ ይቁም። ግን ዛሬውኑ አንድ ነገር ያድርጉ፤ የአካባቢዎ ሐኪም ጡቷንና ማህፀኗን ይመርምርላት። የጡት በሽታ ወይም የእንግዴ ልጅ መዘግየት ያለባት ከሆነ እኔ ስለ መንጋ ጠባይ የምጽፈው ሁሉ አይረዳትም።

«ይዋደዳሉ ወይ?» ላሉት፣ አዎ፣ ይዋደዳሉ። ቃሉን ሳልሳቀቅ ነው የምጠቀምበት። ከቀትር በኋላ መንጋው ጠግቦ ሲያመሰኳ በረትዎ ውስጥ ይቀመጡ። አንዷ ላም ወደ ሌላዋ ተጠግታ ራሷን ዝቅ ታደርግና በአገጯ ሥር ግንባሯን ቀስ አድርጋ ታሻሻለች፤ ልመና ነው። ያቺኛዋ መላስ ትጀምራለች፤ አንገቷን፣ ከጆሮዋ ሥር፣ ትከሻዋን፣ ራሷ ልትደርስበት የማትችለውን ቦታ ሁሉ። የምትላሰዋ አንገቷን ትዘረጋለች፣ ጆሮዋ ይንጠለጠላል፣ ዓይኗ ወደ መዘጋት ይደርሳል። ስትላስ የልብ ምቷ እንደሚረጋጋ የለኩ ተመራማሪዎች አሉ። መላላሱ ለሁሉም እኩል አይደለም። እያንዳንዷ ላም የምትመርጣቸው ጥቂቶች አሏት፤ አጠገባቸው ትበላለች፣ አጠገባቸው ትተኛለች። አብረው ያደጉ ጊደሮች ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይጠባበቃሉ።

በእንግሊዝ የኖርዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ክሪስታ ማክሌናን ላሞችን ለ30 ደቂቃ ከመንጋው ለይታ፣ አንድ ጊዜ ከሚመርጧት ጓደኛቸው ጋር፣ ሌላ ጊዜ ከማያውቋት ላም ጋር አቆይታ የልብ ምታቸውን ለክታ ነበር። ከጓደኛ ጋር ሲሆኑ ምቱ ዝቅ ያለ፣ መቁነጥነጡም ያነሰ ሆነ። አባቶቻችን ያለ መለኪያ የደረሱበት ሌላ ጎንም አለ፤ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከብት ከባልንጀራው ይማራል፤ ጥጆች ለብቻ ከሚያድጉ ይልቅ ሁለት ሆነው ሲያድጉ ደረቅ መኖ መብላትን ቶሎ ይለምዳሉ፣ አዲስ ነገርንም ያነሰ ይፈራሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሳይንሳዊ አስተያየት ጥጆች ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በትንንሽ ቡድን እንዲያድጉ መክሯል። የእርስዎ ጥጆች በየፊናቸው ታስረው ከሆነ ሁለት ሁለት አድርገው ያቆዩአቸው፤ ነገ ጊደር ሆነው ወደ መንጋው ሲገቡ አንገት ደፊ አይሆኑም።

እንግዲህ ሦስቱን ጊደሮች ከአንድ ቤት መግዛትዎ ትልቅ ዕድል ነው። ብቻዋን የምትገባ ጊደር ግፊያውን ሁሉ ብቻዋን ትሸከመዋለች፤ ባልንጀራ ያላት ግን መሸሻ ጎን አላት። ስለዚህ ብር ቢያስፈልግዎ እንኳ በዚህ ወቅት ከሦስቱ አንዷን ለይተው አይሽጡ፤ የወለደችዋንም ለብቻዋ አያግልሏት። መለየት ካስፈለገ ሦስቱንም አብረው ይለዩ፣ ነባሮቹን ሊያዩና ሊያሸቱ በሚችሉበት በአጥር ማዶ።

አሁን ወደ ሥራው። ሲሚንቶ አያስፈልግዎትም። ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜሎች ይግዙ፤ ምን ተይዞባቸው እንደነበረ ግን ጠይቀው፣ የኬሚካል ከሆኑ ይተዉአቸው። በቁመታቸው ለሁለት ያሰንጥቋቸው፤ ጠርዛቸውን አስቀጥቅጠው ያጥፉት፣ አለዚያ አንገታቸውን ይቆርጣል። አንዱ በርሜል ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይረዝማልና አራቱ ግማሾች ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ይሰጡዎታል። ከነባሩ ጋር ሰባት ሜትር ተኩል ሆነ ማለት ነው፤ ለአንዷ 68 ሳንቲ ሜትር። በርሜሎቹን ከአሮጌው ገንዳ ጎን አይደርድሯቸው። በተቃራኒው ግድግዳ፣ እርስ በርስም አራርቀው ያስቀምጡ፤ ቦራ ምንም ብትበረታ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መቆም አትችልም። በአሮጌው ገንዳ ላይ ደግሞ በየ65 ሳንቲ ሜትሩ የባሕር ዛፍ ቋሚ ይትከሉ፤ አንገት የሚያስገባ፣ ጎረቤትን ግን በጎን ከመግፋት የሚከለክል። ይህ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው የበታቾቹን ነው። ቀንዳሞች ከሆኑ ርቀቱን ይጨምሩ።

መኖ ሲያቀርቡ ፉሩሽካውን ከድርቆሹ ጋር ይደባልቁት፤ ተበትኖ ለብቻው አይቅረብ። ሁሉንም ገንዳ በአንድ ጊዜ ይሙሉ፣ ምክንያቱም ላሞች አንድ ላይ መብላትና አንድ ላይ መተኛት ይወዳሉ፤ «የበታቿ በኋላ ትበላለች» የሚለው አሠራር ጠባያቸው አይደለም። ውኃው ጥግ ላይ ከሆነ መውጫ በሌለው ቦታ አንዷ ቆማ ሌላውን ሁሉ ልታስጠማ ትችላለችና ሁለተኛ የውኃ ዕቃ በሌላ ጎን ያኑሩ። ለመታለብ የሚመጡበትን ቅደም ተከተልም አይረብሹ፤ ራሳቸው ያበጁት ተራ ነው።

ወደፊት ከብት ሲገዙ በመጀመሪያ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ከመንጋው አርቀው ያቆዩ፤ አፍተግርና የውርጃ በሽታ ከመጋፋት የከፋ ነገር ያመጣሉ። በምርመራ ነፃ ከሆኑ በኋላ፣ ሊወልዱ ከተቃረቡ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ወር ሲቀራቸው፣ በማታ አለባ ማግስት ሳይሆን በዚያው ምሽት፣ ነባሮቹ ጠግበው ሊተኙ ሲሉ ያስገቧቸው። እኔ በዚህ ሰዓት የሚገቡት ሲረጋጉ አይቻለሁ። ላሞቻቸውን አስረው ለሚቀልቡ አንባቢዎችም አንድ ቃል አለኝ፤ የታሰረች ላም ዓለሟ ግራና ቀኟ ያሉት ሁለት ናቸው። ጎረቤቶቿን በየጊዜው አትለዋውጡባት።

ላምዎን በስም መጥራትዎ ደስ ብሎኛል። በእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ላሞቻቸውን በስም የሚጠሩ አርቢዎች በአንድ የአለባ ዘመን በላም 258 ሊትር የሚበልጥ ወተት እንደሚያገኙ ተመልክቷል። ስሙ ወተት አይሆንም፤ ስም ያወጣ ሰው ግን ላሟን ለይቶ ያያታል። ቦራንም የሚጠቅማት ይህ ዓይን ነው። ስድስት ጊዜ የወለደች ላም ከእንግዲህ እያረጀች ትሄዳለች። አንድ ቀን ማንም ሳይገፋት ገንዳዋን ለጊደር ለቃ ወደ ኋላ ስትል ካዩ «ጠባይዋ ተሻሻለ» ብለው አይለፉት፤ የሙቀት መለኪያ ይዘው ይጠጓት። ከወሊድ በኋላ የማህፀን ሕመም የጸናባቸው ላሞች ከመውለዳቸው በፊት በነበረው ሳምንት ጀምሮ መኖ እንደቀነሱና ከገንዳ ግፊያ ራሳቸውን እንዳራቁ እ.ኤ.አ. በ2007 ተመዝግቧል። መንጋው ከሐኪሙ ቀድሞ ይናገራል።

በርሜሎቹ ከገቡ በኋላ ሁለት ሳምንት ይስጧቸው። ከዚያም በምሽት፣ ከአለባ በኋላ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ግማሽ ሰዓት ይቀመጡና ማን ማንን እንዳስለቀቀች፣ ማን ማንን እንደላሰች ይጻፉ። ግፍተራው ካልቀነሰ ያን ወረቀት ይላኩልኝ። የመላላሱን ዝርዝር ግን አይርሱት፤ ጊደሮቹ ከነባሮቹ መካከል የመጀመሪያዋን ወዳጅ ያገኙበትን ቀን የማውቀው ከእርሱ ነው።